ካሳ ልጠይቅ ወይስ ይቅር?

«ኢንሹራንስ አለህ አይደል? ታዲያ ምን አስጨነቀህ!»

መኪናዬ ተሰብራ ዕቃዋ የተሰረቀ ሰሞን ደብረ ማርቆስ ውስጥ ያገኘኝ ሰው ሁሉ ያለኝ ይህንን ነው። መጀመሪያ «እንኳን አንተን አላገኙህ፣ ንብረት ይተካል» ይላሉ። ቀጥሎ ኢንሹራንሱን ያነሳሉ። ሙሉ ሽፋን ያለው ሰው ከተሰረቀ ካሳ ይጠይቃል፤ በቃ፣ ሌላ ምን አለው?

እኔ ግን ሳስበው ሰነበትኩ። በመጨረሻም ካሳ አልጠየቅኩም። ምክንያቴን በዝርዝር ልጽፈው የፈለግኩት፣ አብዛኞቻችን የኢንሹራንስ ውላችንን ከሊብሬው ጋር መሳቢያ ውስጥ ቆልፈን ሌባ እስኪመጣ ስለማናነበው ነው። ሌባ ከመጣ በኋላ ደግሞ ተረጋግቶ ማንበብ ይከብዳል።

የሆነው እንዲህ ነው። ክረምት ነበር፤ ማርቆስ ክረምት ላይ ምን እንደምትመስል የሚያውቅ ያውቃል። ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ ሲወርድ አድሯል። መኪናዋ ከዘመድ ቤት ደጃፍ፣ አጥሩን ተጠግታ ቆማ ነበር። ጠዋት ስወጣ የኋላው በር ላይ ያለችው ትንሿ ባለ ሦስት ማዕዘን መስታወት የለችም። ትልቁን መስታወት አልነኩትም። በትንሿ ቀዳዳ እጅ አስገብተው በሩን ከውስጥ ከፍተዋል። ቴፑ የለም። ስኮርታ ጎማውና ክሪኩ የሉም። የልጄ ሹራብ ሳይቀር ተወስዷል።

በጣም ያስገረመኝ ዳሽቦርዱ ነው። ሽቦ አልቆረጡም። ሶኬቶቹን አንድ በአንድ ነቅለዋል። በቴፑ ዙሪያ ያለውን የፕላስቲክ ክፈፍ ሳይሰብሩ አውጥተው ወንበሩ ላይ አስቀምጠውታል። ብሎኖቹ የሲጋራ መተርኮሻው ውስጥ ተጠራቅመዋል። በኋላ ያየው የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ዝም ብሎ ሲመለከት ቆየና «ይሄ የሙያ ሰው እጅ ነው» አለኝ። ይህንን ስሰማ ከስርቆቱ በላይ አዘንኩ። እንዲህ ጥንቅቅ አድርጎ መፍታት የሚችል ልጅ በቀን፣ በብርሃን ሠርቶ የሚኖርበት ቦታ ሊያጣ አይገባም ነበር።

የመስታወቱ ፍርፋሪ ብዙ ጊዜ አስቸገረን። ወንበሩን ጠርገን ጨረስን ስንል ከቀበቶው መቆለፊያ ሥር ይወጣል። ምንጣፉን አራግፈን ስንመልስ ከበሩ ኪስ ውስጥ ይገኛል። ቀዳዳውን በላስቲክ ሸፍነን በፕላስተር ለጠፍነው። ዝናቡ ግን ከፕላስተር ጋር አይስማማም።

የመንገዱ ዘበኛ ሁላችንም «አያ» የምንላቸው ሽማግሌ ናቸው። መጥተው መኪናዋን ዞረው አዩና ጋቢያቸውን አጥብቀው ተከናንበው ቆሙ። ሌሊት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ምንም አልሰሙም። «በአባቶቻችን ጊዜ ቢሆን ይህን ጊዜ አውጫጭኝ ተጠርቶ ነበር» አሉኝ።

አውጫጭኝን ለማያውቅ ወጣት አንባቢ ባጭሩ ልንገር። ስርቆት ወይም ሌላ ወንጀል ሲፈጸምና ማን እንዳደረገው ሲጠፋ የአካባቢው ሰው በሙሉ ተጠርቶ ይሰበሰባል። ጥፋተኛው እስኪታወቅ ሰው ሥራውን ትቶ እዚያው ይውላል። ካልተገኘ ደግሞ ነዋሪው አዋጥቶ ለተሰረቀው ሰው የሚከፍልበት አሠራር ነበር። ክፉ ጎኑ ብዙ ነው። በጥላቻ የተጠቆመ ንጹሕ ሰው ይጎዳበት ነበር። ያን ዘመን የምመኝ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን አያ ከሄዱ በኋላ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ዋለ። ያኔ የአንዱ ሰው ኪሳራ የሰፈሩ ሁሉ ኪሳራ ነበር። ዛሬ ያንን ሸክም የተረከበው በመሳቢያዬ ውስጥ ያለው ውል ነው። እንግዲያው ውሉ ምን እንደሚል ማወቅ አለብኝ።

አውጥቼ አነበብኩት።

መጀመሪያ ግን ፖሊስ ጣቢያ ሄጃለሁ። ብዙ ሰው «ቴፕ ጠፋ ብለህ ፖሊስ ጋ ትሄዳለህ?» ይላል። መሄድ ያስፈልጋል። ካሳ ጠየቅክም አልጠየቅክም የፖሊስ ማስረጃ መያዝ ይበጃል። ዕቃው አንድ ቀን ቢገኝ ያንተ መሆኑን የምታስረዳው በዚያ ነው። ሌላም ምክንያት አለ፤ ይህኛው ለእኛ ለጎጃም ሰዎች በተለይ ይመለከተናል። የተሽከርካሪ መድን ውሎች በጦርነት፣ በሁከትና በሕዝባዊ ግርግር የደረሰን ጉዳት በአብዛኛው አይሸፍኑም። እሱን የፈለገ ሰው ተጨማሪ አረቦን፣ ማለትም የመድን ክፍያ፣ ከፍሎ ለብቻው ይገባል። ካለፉት ዓመታት ወዲህ ያለንበት ሁኔታ የታወቀ ነው። ስለዚህ ተራ የሌሊት ስርቆት ከሆነ፣ ማስረጃው ላይ ተራ የሌሊት ስርቆት ተብሎ በትክክል መጻፍ አለበት። የተሰበረው የትኛው መስታወት እንደሆነ፣ የተወሰደው ምን እንደሆነ፣ ንብረቱ የት ቆሞ እንደነበር ዘርዝሬ አስመዘገብኩ። የተረኛው ፖሊስ ታጋሽ ሰው ነበር፤ ሁሉንም ጻፈልኝ።

ከዚያ ወደ ኢንሹራንሱ ቅርንጫፍ። እዚህ ላይ የሰዓት ጉዳይ አለ። እስከ ዛሬ የመድን ውልን የሚገዛው የ1952 ዓ.ም የንግድ ሕግ ነው። በ2013 ዓ.ም አዲስ የንግድ ሕግ ቢወጣም የመድኑን ክፍል አልተካውም። ያ ሕግ መድን የገባ ሰው አደጋ መድረሱን እንዳወቀ፣ ቢዘገይ ቢዘገይ በ5 ቀን ውስጥ ለመድን ሰጪው እንዲያሳውቅ ያዛል። አምስት ቀን አጭር ነው። ቅዳሜና እሑድ አለ፣ በዓል አለ፣ ኔትወርክ የሚጠፋበት ቀን አለ። «እስቲ ልጠይቅ አልጠይቅ ልወስን» እያልክ ስትቆይ ጊዜው ያልፋል።

ቅርንጫፉ ውስጥ ያገኘኋት ልጅ የነገረችኝ ነገር ሐሳቤን ሁሉ አቃለለልኝ። «ጋሼ፣ ማሳወቅና ካሳ መጠየቅ ለየብቻ ናቸው። አሁን ያሳውቁ፤ መጠየቁን አስበውበት ይመለሳሉ» አለችኝ። እንዳለችው በጽሑፍ አሳወቅኩ፤ የተቀበሉበትን ኮፒ ማኅተም አስደርጌ ያዝኩ። ለጥድፊያው መልስ ካገኘሁ በኋላ ቁጭ ብዬ ማሰብ ቻልኩ።

አሁን ወደ ውሉ እንመለስ። በአገራችን ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን ነው፤ አዋጅ 799/2005። እሱ በመኪናህ ሌላውን ሰው ወይም የሌላውን ንብረት ብትጎዳ ነው የሚደርሰው። ለተሰበረ መስታወትህና ለተሰረቀ ጎማህ ምንም አያደርግም። ከተማችን ውስጥ በዚህ ብቻ የሚነዳ መኪና ብዙ ነው። እኔ ሙሉ ሽፋን የገባሁት መኪናዋን በባንክ ብድር ስለገዛሁና ባንኩም ስለሚያስገድድ ነው።

ሙሉ ሽፋን ሲባል ሰው ሁሉንም ነገር የሚሸፍን ይመስለዋል። አይደለም። መኪናው ውስጥ የተቀመጠ የግል ዕቃ፣ ላፕቶፕ በለው ቦርሳ፣ የመኪናው አካል ስላልሆነ በተለምዶ አይካተትም። የልጄ ሹራብ ስለዚህ ከመጀመሪያውም ቀርቷል። የመለዋወጫ ስርቆትም ከውል ውል ይለያያል። አንዳንዱ ውል መኪናው ራሱ ካልተሰረቀ በቀር ተነቅሎ ለተወሰደ ዕቃ አይከፍልም፤ አንዳንዱ ይከፍላል፤ አንዳንዱ ተጨማሪ ከተከፈለበት ብቻ ይከፍላል። የእኔ ይከፍላል። ግን ያረጀ ዕቃ ላይ የእርጅና ተቀናሽ አለው። ከዚያ ደግሞ ኤክሰስ የሚሉት፣ ከእያንዳንዱ አደጋ መጀመሪያ ከኪሴ የምችለው ድርሻ አለ።

ይህ ሁሉ ይታወቃል። ያላሰብኩት ሌላ ነበር፤ የመኪናዋ ዋጋ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ሲደረግ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። መለዋወጫ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነው፤ የመኪና ዋጋም አብሮ ወጣ። ውሌ ላይ የተጻፈው ግን ከዚያ በፊት የነበረው ዋጋ ነው። ይህ የኔ ብቻ ሳይሆን የብዙ ሰው ሁኔታ ነው። የንግድ ሕጉ ደግሞ ንብረቱ በመድን ከተገባበት መጠን በላይ ዋጋ ካለው፣ ለልዩነቱ ባለንብረቱ የራሱ መድን ሰጪ ነው ይላል። ውሉ ሌላ ካላለ በቀር ጉዳቱንም በዚያው ልክ ይጋራል። መኪናው በሙሉ ሲጠፋ ብቻ ሳይሆን መስታወት ሲሰበርም ነው።

ለማስረዳት ያህል ክብ ቁጥር ልውሰድ። መኪናዋ በ700,000 ብር ተመዝግባለች እንበል። ዛሬ ገበያ ላይ 1,400,000 ታወጣለች። ስለዚህ መድን ያላት ግማሿ ነው። መስታወቱ፣ ቴፑ፣ ጎማውና ክሪኩ ተደምረው 30,000 ብር ቢመጡ የሚታሰብልኝ 15,000 ነው። ኤክሰሱ 5,000 ቢሆን 10,000 ይቀራል። የእርጅናው ተቀናሽ ገና አልተነካም። በሌላ በኩል ካሳ ሳልጠይቅ በቆየሁባቸው ዓመታት ያገኘሁት «ኖ ክሌም» የሚባል ቅናሽ አለ። አረቦኔ 25,000 ቢሆንና ቅናሹ ሃያ በመቶ ቢሆን፣ ካሳ ጠይቄ ቅናሹ ሲነሳ በሚቀጥለው ዓመት 5,000 እጨምራለሁ። ቅናሹ ተመልሶ እርከን በእርከን እስኪደርስ ደግሞ ከርሞም ሌላ እጨምራለሁ። የቀረው ትርፍ ምን ያህል ነው? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ከብሩ ሌላ ጉልበቱ አለ። ፕሮፎርማ ከየጋራዡ መሰብሰብ አለ። ጉዳት የሚያይ ባለሙያ እስኪመጣ መጠበቅ አለ። ባለሙያው ሳያይ ደግሞ መጠገን አይቻልም፤ ዝናቡ እየገባ መኪናዋ እንደተሰበረች ትቆማለች። የትንሿ መስታወት ዓይነት እኛ ጋ አልተገኘም። ወይ ከባሕር ዳር ወይ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ መምጣት አለበት። ከአዲስ አበባ ከሆነ ጎሐ ጽዮንን አልፎ፣ ዓባይ በረሃን ወርዶ ወጥቶ፣ በደጀን በኩል ነው የሚደርሰን። መንገዱ የተዘጋ ቀን ዕቃው ባለበት ይቆያል። እኔ ራሴ ባዘው ቶሎ ይደርሳል፤ በካሳ ሂደት ከሆነ ግን ዋጋው እስኪጸድቅ አልታዘዘም።

ታላቅ ወንድሜ ባሕር ዳር ነው ያለው። በስልክ ስነግረው ተቆጣ። «ስንት ዓመት ሙሉ ስትከፍል ኖረህ ነው? ያንተው ገንዘብ እኮ ነው። ቢያንስ የከፈልከውን አስመልስ እንጂ!» አለኝ። ወንድሜን አከብረዋለሁ፤ ክፉ ነገር አይመክረኝም። በዚህ ላይ ግን አልተስማማሁም። ነገሩን ሳሰላስለው የልዩነታችን ሥር ተገለጠልኝ። እሱ ኢንሹራንስን እንደ እቁብ ነው የሚያየው። እኔ እንደ እድር ነው የማየው።

እቁብ ላይ የጣልከው ያንተ ነው። ተራህ ሲደርስ ትወስደዋለህ፤ ካልወሰድክ ተበድለሃል። እድር ግን ሌላ ነው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ለእድር ከፍሏል። ብሩ ተመልሶ እንዲመጣለት አንድ ቀን ተመኝቶ አያውቅም። እንዲያውም ወሩን ከፍሎ ሲመለስ «ለሰላም ጊዜ ያድርገው» ነበር የሚለው። የእሱ ብር ለጎረቤት ድንኳን ሆነ፣ ለማያውቀው ሰው ቀብር ሆነ። በዚህ አንድም ቀን «ከሰርኩ» አላለም። እድር ሰውን ሸክሙ ከአቅሙ በላይ በሆነበት ቀን የሚያነሳ ነው። ለጉንፋን እድር አይጠራም።

የኔ የትንሽ መስታወት ጉዳይ ጉንፋን ነው። ያበሳጫል፤ ከወር ደመወዝ ላይ ይቆነጥራል፤ ቤት ግን አያፈርስም። አረቦን የምከፍለው መኪናዋ ዓባይ በረሃ ላይ ብትገለበጥ፣ ወይም በሙሉ ተነድታ ብትጠፋና የባንኩ ዕዳ ባዶ እጄን ቢይዘኝ ነው። ያንን ቀን ብቻዬን አልችለውም። ይህንን ግን እችለዋለሁ።

ደግሞ ሌላ ፈተና መጣ። መኪናዋን ያየልኝ አንድ የጋራዥ ሰው፣ ለኔ አዝኖ፣ «ካሳ ከጠየቅክ አይቀር ጨምርበት» አለኝ። የቆየውን የኋላ መከላከያ ግጭት ሌባው እንዳደረገው አስመዝግብ። ጎማው አዲስ ነበር በል። ቴፑን ከፍ ወዳለው ዓይነት ቀይረው። ፕሮፎርማውን እሱ ያስተካክልልኛል። «ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ደግሞ የማን ገንዘብ ነው?» አለ።

የማን ገንዘብ ነው? ይህ ጥያቄ በቀላሉ የሚታለፍ አይመስለኝም። በ1967 ዓ.ም የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ተወርሰው፣ እስከ 1986 ዓ.ም የግል ኩባንያ እስኪፈቀድ ድረስ መድን የመንግሥት ብቻ ነበር። በዚያን ጊዜ ያደገ ሰው ካሳን የመንግሥት ካዝና አድርጎ ቢያስበው አልፈርድበትም። ገንዘቡ ግን ከሰማይ የወረደ አይደለም። ፍኖተ ሰላም ላይ በዱቤ የገዛትን ሚኒባስ የሚያሽከረክር ሰው የከፈለው አለበት። ዳንግላ ላይ ፋርማሲ ከፍታ፣ በአሮጌ ቪትዝ የምትመላለስ ሴት የከፈለችው አለበት። እኔ ያልተሰረቀውን ተሰረቀ ብዬ ብወስድ፣ ከርሞ የእነሱ አረቦን ይጨምራል። እድር ላይ ያልሞተ ሰው ሞተ ብሎ የሚያስመዘግብ አለ? የለም፤ ያሳፍራላ! እዚህም ሊያሳፍር ይገባል። ውሉም ቢሆን ሐሰት የገባበት ጥያቄ እውነተኛውን ካሳ ጭምር እንደሚያስቀር በግልጽ ጽፎታል። ለጋራዡ ሰው አመስግኜ «አላደርገውም» አልኩት። አልተከፋም። በኋላ መስታወቱን የገጠመልኝም እሱ ነው፤ ጥሩ አድርጎ ገጥሞታል።

ይህን ስል ግን ካሳ አትጠይቁ እያልኩ አይደለም። በፍጹም። ውል ገብቶ፣ አረቦን ከፍሎ፣ የደረሰበትን ጉዳት በእውነት የሚጠይቅ ሰው መብቱን ነው የጠየቀው፤ ልመናም ውለታም አይደለም። አንድ የማውቀው የሚኒባስ ባለቤት ኮፈኖው ተከፍቶ የሞተሩ ኮምፒውተር ተሰርቆበታል። ያ ዕቃ ውድ ነው፤ ሳይገባ ደግሞ መኪናው አይነሳም። ቆሞ የዋለ ሚኒባስ ልጆች አያበላም፣ ዕዳ አይከፍልም። እሱ በሁለተኛው ቀን ነው ካሳ የጠየቀው፤ በጣም ልክ ነበር። «ኖ ክሌሙ ይቀርብሃል» ብሎ የመከረው ሰው ነበር። እሱን ሰምቶ ቢሆን ተበድሮ ነበር ዕቃውን የሚገዛው።

የኔ መለኪያ ይህ ነው፦ ሳልበደር፣ የልጆቼን ትምህርት ቤት ክፍያ ሳላጓድል፣ በአንድ ሁለት ወር ውስጥ የምሸፍነው ከሆነ ለውሉ አልሄድም። ከዚያ ካለፈ አንድ ቀን አላድርም። ለሌላ ሰው መስመሩ ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። ጡረተኛ ከሆንክ፣ ወይም በመኪናው ሠርተህ የምታድር ከሆንክ መስመሩ ዝቅ ይላል። የሰው ምክር ከመስማት በፊት ውሉ ላይ ያለውን የመኪና ዋጋ፣ ኤክሰሱንና ቅናሹን አንድ ወረቀት ላይ ጽፎ መደማመር ነው። ሥራው ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ባለቤቴ ከሁሉ በፊት ያስጨነቃት ሌላ ነበር። «ሌባው ተመልሶ ቢመጣስ?» አለች። ካሳ ለዚህ መልስ የለውም። የሰፈሩ ሰው ተነጋግረን፣ ከየቤቱ አዋጥተን ለአያ አንዲት የተሻለች መጠለያ መንገዱ መታጠፊያ ላይ ሠራንላቸው፤ ከዚያ ሆነው ሁለቱንም ወገን ያያሉ። መብራትም በየደጃፉ አስገባን። አያ «አሁን እንኳ ዓይን አገኘሁ» ብለው መርቀውናል።

ውሌ የሚታደሰው ጥቅምት ላይ ነው። መኪናዋን በዛሬው ገበያ አስገምቼ በዚያ ዋጋ አስገባታለሁ። አረቦኑ ይጨምራል፤ ይጨምር። የመለዋወጫ ስርቆቱ እንደተሸፈነ መቀጠሉን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ እንዲያረጋግጡልኝ እጠይቃለሁ። የሁከቱን ተጨማሪ ሽፋንም ዋጋውን አይቼ እወስናለሁ።

ወንድሜ አሁንም «ገንዘብህን ለባዕድ ተውክ» ይለኛል። ትናንት ግን የራሱን ውል በስልክ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ፤ «እስቲ አንብበህ ንገረኝ» ብሎ። የእሱም መኪና የተመዘገበችው ዶላር 57 ብር በነበረበት ጊዜ ዋጋ ነው። ዛሬ ማታ እደውልለታለሁ።